እሁድ የማን ናት?

እግዚአብሔርን በማክበር የሚቀድመን ሕዝብ የለም ብለን ማሰብ እንወዳለን። ማስረጃም አናጣም። ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጡና ልብ በሉ። ጊዮርጊስ አጠገብ ሲደረስ ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ያማትባል። ረዳቱ ሒሳብ መቀበሉን ለአፍታ ያቆማል። ከኋላ ወንበር ያሉት እናት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አንገታቸውን ይሰብራሉ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካው ጎረምሳ እንኳ ጣቶቹን አጣምሮ ግንባሩን ይነካል። ግቢ ስንገባ ነጠላችንን መስቀለኛ እናጣፋለን፣ ደጁን እንሳለማለን፣ ጫማ አውልቀን እንቆማለን። ፕሮቴስታንት ወዳጆቻችንም በበኩላቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ሰዓታት ቆመው ያመልካሉ።

በዚህ ልቀልድ አልመጣሁም። በመንገድ ላይ ማማተብን እወደዋለሁ። በጥድፊያ መሀል ትንሽ ቆም ማለት ነው፤ እንደዚህ ያለ ነገር የሌለው ከተማ ያሳዝነኛል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ሁሉ አንገት የሚያሰብር አክብሮት ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ወጥቶ የገዛ ቤታችን በር ላይ ሲደርስ ምን ይነካዋል? በሩን የምትከፍትልንን ሴት ሲያይ ለምን ድምፁ ይለወጣል?

አዎ፣ ስለ ቤት ሠራተኞቻችን ልናገር ነው። «ደግሞ ጀመረው» የምትሉ ካላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ቆዩ። (ቡናውን ማን እንዳፈላው ግን እግረ መንገዳችሁን አስቡት።)

በቋንቋችን እንጀምር። አማርኛ የሰውን ማዕረግ ሳይመዝን አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። «ና» እና «ይምጡ» አንድ ግሥ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን አንድ ሙሉ አስተዳደግ አለ። ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ መነሳትን፣ ሽማግሌን «እርስዎ» ማለትን፣ የጎረቤቷን ሴት «እትዬ»፣ ከፍ ያሉትን «እማማ» ብሎ መጥራትን እናስተምራለን። ከዕድሜ ላይ ማዕረግ አንቀንስም። ይህ ሕግ ግን አንድ ሰው ላይ ሲደርስ ይቆማል። የሰባት ዓመቱ ልጅ የሃያ ስምንት ዓመቷን ሠራተኛ በስሟ ይጠራል፤ «አንቺ፣ ውኃ አምጪ» ይላታል። እናትና አባት አጠገቡ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ማንም አይቆጣውም። እሷ በተራዋ ከእሷ በአምስት ዓመት የምታንሰውን የቤቱን ልጅ «እትዬ» ትላለች። ዕድሜ የሚከበርበት አገር ነው እየተባለ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ዕድሜ ለአንዱ ይቆጠራል፣ ለሌላው አይቆጠርም።

ይህን ስናገር አንድ ወዳጄ፣ «እግዚአብሔርንስ አንተ እንለው የለም እንዴ?» ብሎ ሞገተኝ። ትክክል ብሏል። ጳጳሱን «ብፁዕነትዎ»፣ የቀበሌውን ሹም «እርስዎ» እያልን ፈጣሪን በጸሎት «አንተ» እንለዋለን፤ እመቤታችንንም «አንቺ»። እንግዲህ «አንተ» በራሱ ንቀት አይደለም ማለት ነው። ልጅ ወደ አባቱ የሚጠጋበት ቃል ነው። ከዚያ ቃል ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ግን አለ፤ መጠጋት። ሠራተኛችንን «አንቺ» ያልናት ስለተጠጋናት ከሆነ የእናቷን ጤና እናውቃለን፣ ከየት ወረዳ እንደመጣች እናውቃለን፣ ስንተኛ ክፍል እንዳቋረጠች እናውቃለን። አብዛኛው ቤት የሚያውቀው የተያዧን ስልክ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ እሁድ እንምጣ፤ የነገሩ እምብርት እዚያ ነው።

ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ የቤቱ እመቤት ለቅዳሴ ትነሳለች። ከእሷ ቀድማ የተነሳች ሰው አለች፤ የግቢውን በር የምትከፍተው፣ ቤተሰቡ ከወጣ በኋላ መልሳ የምትቀረቅረው። ቤተሰቡ ሲያስቀድስ እሷ ቤት ትጠብቃለች። ሲመለሱ ቁርሱ ይደርሳል፣ ቡናው ይፈላል። ቀትር ላይ ዘመድ ይመጣል፤ እሁድ አይደል? ልጆቹ ትምህርት ቤት የሉም፣ አባት ቢሮ የለም፣ ስለዚህ ሳህኑ እጥፍ ነው። እኛ በምናርፍበት ቀን ሁላችንም ቤት ስለምንውል የእሷ ሥራ ከሳምንቱ ቀን ሁሉ የሚከብደው እሁድ ነው። በፕሮቴስታንቱም ቤት ያው ነው። ቤተሰቡ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ጉባኤ ላይ ይውላል፤ «እሷ የከሰዓቱ ፕሮግራም ላይ ትሄዳለች» ይባላል። ከሰዓት እንግዳ ይመጣል።

የሰንበትን ትእዛዝ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን። ዘጸአት ምዕራፍ 20ን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ትእዛዙ «አንተ ዕረፍ» ብሎ አያበቃም። ማን ማን ማረፍ እንዳለበት ይዘረዝራል። ከቤቱ ጌታ ይጀምርና ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ወንድና ሴት ሠራተኞቹ፣ ከዚያ ወደ ከብቱ፣ በደጁ ወዳለው እንግዳ ይወርዳል። (ሚስት በዝርዝሩ ውስጥ የለችም፤ የዚህን ትርጓሜ ለሊቃውንቱ ትቻለሁ።) ትእዛዙ በዘዳግም ምዕራፍ 5 ሲደገም ደግሞ የሚሰጠው ምክንያት ይለወጣል። በዘጸአት ምክንያቱ ፍጥረት ነበር፤ እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ማረፉ። በዘዳግም ግን ግብፅ ይነሳል። ሠራተኛህ እንደ አንተው ይረፍ፤ አንተም በሰው ቤት ባሪያ ነበርክና አትርሳ፤ መልእክቱ ይኸው ነው። ሰንበትን የምናከብረው ለሌላው ስናካፍለው መሆኑን ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ መጻፍ ይቻል ይሆን?

የገጠሩ ገበሬ ይህን ትእዛዝ በከፊልም ቢሆን ይጠብቃል። እሁድ በሬ አይጠመድም። እንግዲህ አስቡት፤ ከጎጃም ወይም ከወሎ ገጠር የመጣችው ልጅ አባቷ ቤት ሳለች በሬው እንኳ እሁድ ሲያርፍ አይታለች። አዲስ አበባ መጥታ ክርስቲያን ቤት ተቀጥራ የበሬውን ያህል ዕረፍት አጣች።

«ይህ የኦሪት ሕግ ነው» የሚል አይጠፋም። ለእሱ ደግሞ የራሳችንን ታሪክ ላስታውሰው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰንበት የተከራከረችውን ያህል ስለ ጥቂት ነገር ነው የተከራከረችው። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሁድ ይከበር ብለው ተሰደዱ፤ ዕድሜያቸውንም በአርመን አገር ጨረሱ። ደቀ መዛሙርታቸው ለዚህ ሲሉ መከራ ተቀበሉ። በመጨረሻ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወሰነ። ለሁለቱ ሰንበቶች ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ ሲኖዶስ የተባለው የቀኖና መጽሐፍ ነው። በውስጡ በሐዋርያት ስም የተጻፈ ሥርዓት አለ። ይዘቱ ምን መሰላችሁ? ባሮች አምስት ቀን ይሠራሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሃይማኖት እንዲማሩ ይለቀቃሉ።

እደግመዋለሁ፤ ባሮች። ያ ሥርዓት ባሪያን ነፃ አላወጣም፤ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ እስኪከለከል እስከ 1934 ዓ.ም. ተጠብቋል፤ ለዚህ ማንም ሊኮራ አይገባም። ነገር ግን ያ ዘመን እንኳ ለባሪያው በሳምንት ሁለት ቀን ጽፎለታል። ቀኖናው በተግባር ምን ያህል ተከብሮ እንደነበር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ መጽሐፉ ውስጥ አፈር ሆኖ ሊቀር የማይገባው ቃል አለ። እኛ ግን በደመወዝ ለቀጠርናት ነፃ ሴት የእሁድን ግማሽ ቀን ለመስጠት «እስቲ እናያለን» እንላለን። ስለ ቅዳሜ ሰንበትነት በስሜት የሚከራከሩ ወጣቶች አውቃለሁ፤ ጎበዞች ናቸው፣ ጥቅስ አይጠፋባቸውም። ክርክራቸው በተነሳበት ቀን ምሳቸውን ማን እንደሠራው ብጠይቃቸው ግን ጥያቄው ከርዕስ የወጣ ይመስላቸዋል።

ለዚህ ሁሉ የምንሰጠው የመጀመሪያ መልስ የታወቀ ነው። «እኛ ቤት እንደ ልጃችን ናት።» ጥሩ። ልጃችሁ ስንት ሰዓት ትተኛለች? የትስ ትተኛለች? በኮንዶሚኒየም ቤት ሁሉም ቴሌቪዥን አይቶ እስኪጨርስ ጠብቃ ሳሎን ወለል ላይ ፍራሽ ትዘረጋለች? ልጃችሁ እናንተ ከበላችሁ በኋላ ማድ ቤት ቆማ ትበላለች? ስትታመም «ነገ ይሻልሻል» ብላችሁ ድስት ታሳጥቧታላችሁ? ብዙ ጊዜ እንዳየሁት ልጅነቷ የሚታወሰው ሥራ ሲበዛ ነው፤ ያኔ «ልጃችን አይደለሽ እንዴ» ይባላል። የደመወዝ ጭማሪ የጠየቀች ዕለት ወዲያው ተቀጣሪ ትሆናለች።

እውነተኛውን ነገር አልደብቅም። በእርግጥ እንደ ልጃቸው የያዙ ቤቶች አሉ። የማታ ትምህርት አስተምረው እስከ ኮሌጅ ያደረሱ፣ ከቤታቸው ድረው በዕልልታ ያስወጡ፣ ዛሬም ልጇን ይዛ ስትመጣ «አያቶችሽ ጋ ነው የመጣሽው» የሚሏት አሉ። እነዚህ ሰዎች ግን «እንደ ልጃችን ናት» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አያስፈልጋቸውም፤ ይታያል።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «እሁድ ከለቀቅናት ትበላሻለች።» የት ሄዳ? ቤተ ክርስቲያን! እኛ ነፍሳችንን ለማዳን የምንሄድበት ቦታ እሷን ያበላሻታል ማለት ነው። እስቲ ፍርሃቱን በስሙ እንጥራው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ከሌሎች ልጆች ጋር ትገናኛለች። አንዷ ስንት እንደሚከፈላት ትነግራታለች። ሌላዋ ተመላላሽ ሆኜ ቤት ተከራይቻለሁ ትላታለች። ደላላው ስልኳን ይቀበላታል። የምንፈራው ይህንን ነው። ይህ ደግሞ የገበያ ፍርሃት እንጂ የነፍስ ጭንቀት አይደለም፤ የገበያ ፍርሃትን የመንፈሳዊ አባትነት ካባ ማልበስ አያምርም። አዳሪ ሆና የምትሠራ ልጅ ዛሬ ዛሬ የማትገኘው ለምን እንደሆነ የምንማረር ሁሉ መልሱ እዚሁ ነው። ተመላላሿ ምሽቷ የራሷ ነው። እሁዷም እንዲሁ።

«የሚሰርቁ አሉ፣ ልጅ የሚጎዱ አሉ፣ በበዓል ዋዜማ ጥለው የሚሄዱ አሉ።» አሉ። በቢሮም የሚሰርቅ አለ፤ በእሱ ምክንያት የባልደረቦቹ እሁድ አልተወሰደም። ልጁን አደራ ሰጥቶ መጉዳት የደረሰበትን ወላጅ ሕመም አላቃልልም። ግን ወንጀል ለፖሊስ ነው፤ ትእዛዙ ለሁሉም ነው።

አንድ ቀላል ፈተና ልስጣችሁ። ወደ ግሸን ወይም ወደ አንዱ ገዳም የሚሄድ ሰው ሲገኝ የቤተሰቡን ክርስትና ስም ጽፈን በጸሎት እንዲታሰብ እንልካለን። ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ዋሽንግተን ያለው ልጅ፣ የታመመችው አክስት፣ በሕይወት የሌሉት አያት ሳይቀሩ። ሦስት ዓመት አብራን የኖረችው ሠራተኛችን ክርስትና ስሟ ማን ነው? በስንታችን ቤት ይታወቃል? እንዲያውም የወጣላት ስም ለአፋችን ስላልተመቸ ወይም ከቤቱ ልጅ ስም ጋር ስለተመሳሰለ ሌላ ስም የምናወጣላት አለን። ቄሱ በጥምቀት ስም የሰጧትን ሰው እኛ ለማድ ቤት ምቾት ብለን ስሟን ቀየርነው። እሷም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ?

ጾም ሲገባስ? ጾም የቤቱን ሰው ከምግብ ያሳርፋል፤ ማድ ቤቱን ግን አያሳርፍም። ለሚጾሙት የጾም ወጥ፣ ለሕፃናቱ የፍስክ፣ ለዘጠኝ ሰዓት የሚሆን አንድ ትኩስ ነገር፤ በአንድ ምድጃ ሦስት ድስት ይጣዳል። እሷም ትጾማለች፤ ጨው በዝቶ ከሆነ ሳትቀምስ እንዴት ታውቃለች? ጨው የበዛ ቀን ግን ትሰደባለች። ጾም ላይ ሆኖ ስለ ጨው የሚሳደብ ሰው ከምን እንደጾመ ይገርመኛል። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ቅዳም ሹር ሽንኩርት ሲከተፍ ይዋላል። ሌሊቱን ቤተሰቡ ትንሣኤውን ሊያከብር ይሄዳል፣ እሷ ምድጃውን ትጠብቃለች፤ ሲመለሱ ዶሮው መሞቅ አለበት። ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ነው፤ ፈረሰኛው የማን እንደሆነ በሁሉም ቤት ይታወቃል። የእሷ የትኛው ነው? አንገት? ክንፍ? ወይስ ከድስቱ ሥር በእንጀራ የተጠረገው? ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጸው በዚሁ ነገር ነበር፤ በጌታ ማዕድ ስም ተሰብስበው አንዱ ጠግቦ ሲሰክር ሌላው ሲራብ። እሱ ነገሩን የገበታ ሥነ ሥርዓት ጉድለት አድርጎ አላየውም። የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንደ መናቅ ቆጥሮታል።

አሁን ደግሞ የሚያመውን ላንሳ። በ2004 ዓ.ም. ቤይሩት ውስጥ በቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን ደጃፍ አንዲት እህታችን ስትጎተትና ስትደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጨ። ብዙም ሳይቆይ ሞተች። አገር አለቀሰ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተጠርዘው ሲመጡ አለቀስን፣ ጸለይን፣ ብርድ ልብስ አዋጣን። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙና በገንዘብ ቀውሱ ጊዜ የሊባኖስ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው አምጥተው ቆንስላው በር ላይ ሲጥሏቸው ደማችን ፈላ። ፓስፖርት መቀማት፣ ስልክ መከልከል፣ ያለ ዕረፍት ቀን ማሠራት፣ ከውጭ መቆለፍ፤ ግፉን በዝርዝር እናውቀዋለን።

ያ እንባ ውሸት ነበር አልልም። ግን ከእነዚያ ግፎች ስንቱ እዚህ በእኛ ሰፈር የማይሠራ ነው? መታወቂያዋን «ለጥንቃቄ» ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆልፍ ቤት የለም? ስልኳን ቀን ቀን የሚይዝባት የለም? ደመወዟን «እናጠራቅምልሽ» ብሎ ዓመት የሚያቆይ የለም? ከውጭ ቆልፎ ሥራ የሚሄድ የለም? ቤይሩትና አዲስ አበባ እኩል ናቸው ማለቴ አይደለም፤ እዚያ አገሩም ቋንቋውም ሕጉም በአሠሪዋ እጅ ያስገባታል፣ ግፉም ከብዶ ይገኛል። ቢሆንም ልጅቷ ወደ ቤይሩት የሄደችው ከየት ተነስታ ነው? ብዙዎቹ ከገጠር ቀጥታ አልሄዱም፤ በእኛ ማድ ቤት አልፈው ነው። ያለ ዕረፍት መሥራት ካልቀረ በዶላር ይሁን ብለው ነው።

ሕጉ ምን ይላል ለምትሉ፣ ሕጉም አብሮን ዓይኑን ጨፍኗል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 የቤት ሠራተኛን ከውጭ ትቷታል። በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1156ም፣ ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረ ሰው አይመለከተኝም ብሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲያወጣለት አሳለፈው። ያው አዋጅ ለፋብሪካው ሠራተኛ ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ የሳምንት ዕረፍት ይሰጣል፤ ቀኑም በመርህ ደረጃ እሁድ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት ለቤት ሠራተኞችም ይህንኑ 24 ተከታታይ ሰዓት ያስቀምጣል። ለክርስቲያን ግን ነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ መጠበቅ ምን ማለት ነው? ድንጋይ ላይ የተጻፈው ቀድሞ ወጥቷል።

ሰባኪዎቻችንም አይተርፉም። «ለእግዚአብሔር አክብሮት» የሚል ርዕስ ሲነሳ የምንሰማው የታወቀ ነው፤ ሱሪ የለበሰች ሴት፣ በቅዳሴ ሰዓት የሚጮኽ ስልክ፣ ነጠላ ያላጣፋ ወጣት፣ በአዳራሽ ማስቲካ የሚያኝክ። ስልክ ይጥፋ፤ እኔም ያናድደኛል። ነገር ግን በስንት ዓመት አንዴ ነው አንድ ሰባኪ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ «እዚህ የመጣችሁ ሁሉ፣ ቤት የተውዋት ልጅ ያስቀደሰችው መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰማው? የነፍስ አባቶችስ? ጾም ስለ መሻር ይጠይቃሉ፤ የሠራተኛን ደመወዝ ስለ ማዘግየት የሚጠይቁ ስንት ናቸው? ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለቱንም ጽፎልናል። ወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር አስቀምጦ ድሃውን እግር ሥር ተቀመጥ የሚለውን ሰው ገሥጿል፤ የተቀማ ደመወዝም ወደ ላይ እንደሚጮኽ ተናግሯል። ከመልእክቱ ስለ ምላስ የተጻፈው ሲሰበክ ብዙ ሰምቻለሁ። ስለ ደመወዙ እምብዛም።

በጸሎተ ኀሙስ ካህናቱ የወይንና የወይራ ቅጠል ይዘው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። በጣም የምወደው ሥርዓት ነው። ተሰልፈን እግራችንን እንሰጣለን፤ በረከት ነውና። እግር ማጠብ በዚያ ዘመን የማን ሥራ እንደነበር ግን የሚያስታውሰን ጥቂት ነው። የቤት አገልጋይ ሥራ ነበር። ጌታ ከራት ተነስቶ ማበሻ ጨርቅ ሲታጠቅ የወሰደው የእሷን ቦታ ነው፤ ጴጥሮስ የደነገጠውም ለዚያ ነው። እመቤታችንም መልአኩ ሲያበሥራት ለራሷ የመረጠችው ስም አገልጋይ የሚል ነው። በየወሩ በ21 ነጭ ለብሰን የምናከብራት ያቺን ነው። ከበዓሏ ተመልሰን በር ላይ ቆመን «ምን ሆነሽ ነው የቆየሽው!» ብለን የምንጮኸው በማን ላይ እንደሆነ እናስብ እንጂ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አብዮት አልጠራሁም። ከቅዳሜ ማታ እስከ እሁድ ማታ ያለው ጊዜ የራሷ ይሁን። ትፈልግ ቅዳሴ ትሂድ፣ ትፈልግ ጉባኤ፣ ትፈልግ ጓደኛዋ ጋ፣ ትፈልግ ትተኛ። ሙስሊም ከሆነችም ዓርብ ቀትር ላይ መስጊድ የምትደርስበት ሰዓት አይከልከላት። ምን ሠርታበት እንደመጣች አትጠይቋት፤ እናንተ ለአለቃችሁ የእሁዳችሁን ሪፖርት አታቀርቡም። ልጆቻችሁ «እትዬ» ይበሏት።

ይህን ሐሳብ ለሴቶች ብቻ የምጥለውም አይደለም። እመቤቲቱ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ስትሠራ ሰንብታ እሁድ ደግሞ ብቻዋን ማድ ቤት ትግባ ካልን አንዷን አሳርፈን ሌላዋን ጠመድን ማለት ነው። በዚህ አገር ሠራተኛ የሚቀጠረው ሚስት ስለሰነፈች ሳይሆን ባል ስለማይሠራ ነው ቢባል ብዙ ስህተት የለውም። ስለዚህ ተራ ይግባ። ቤት መጠበቁን አንድ እሁድ አባት፣ አንድ እሁድ ጎረምሳው ልጅ ይያዘው፤ የቀረው ሰው ያስቀድስ። እንጀራው ዓርብ ተጋግሮ እሁድንም ያልፋል፤ ወጡ ቅዳሜ ተሠርቶ እሁድ ይሞቃል። ዘመድ ከመጣ ዘመዱም ሳህን ያጥባል። ጋሼ ሽሮው የት እንደሚቀመጥ የማያውቁ ከሆነ ቅዳሜ ማታ ከመውጣቷ በፊት ይጠይቋት፤ «እባክሽ» ብለው።